ጥቁር የተነከረው ዶቦክ

ሐሙስ ቀን ወንድሜ ሱራፌል ከሥራ ቀደም ብሎ ወጣና፣ "ቢኒ ተነሥ፣ ቤታችንን ፈልገን እንምጣ" አለኝ።

ሱሬ ነው የምንለው። በስድስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ቡልጋሪያ ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። "ቤታችን" ያለው የተወለድንበትን የካዛንቺሱን ቤት ነው። ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ እማዬ፣ እሱና እኔ ቂርቆስ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን ገባን። ከዚያ ወዲህ ተመልሰን አይተነው አናውቅም። ሄድን። መንገዱ ሰፍቷል፣ ዛፍ ተተክሏል፣ የብስክሌት መሄጃ ተሠርቷል። ቤታችን የቱ ጋ እንደነበር መለየት አቃተን።

"በራችን እዚህ ጋ ነበር" አልኩት።

"ኧረ አይደለም! እዚህ ጋማ ሽንት ቤቱ ነው። አሁን የቆምከው በትክክል እላዩ ላይ ነው፤ ዞር በል፣ ትገባለህ!"

እውነት መስሎኝ ዘልዬ ዞር አልኩ። ሱሬ በሳቅ ፈነዳ። ሲስቅ ጉልበቱን ይይዛል። ብስክሌት የሚነዳ አንድ ልጅ ደንግጦ ፍሬን ያዘ። እስኪመሽ ስንከራከር ቆይተን በእግራችን ተመለስን፤ እማዬ የሠራችውን ሽሮ በላን። በቃ ይኸው ነው። ሌላ ምንም የለውም ያ ቀን።

ዓርብ ጠዋት መኪና ሥር ተኝቶ እየሠራ "ቁልፍ አቀብሉኝ" አለ። አቀበሉት። እጁ አልተቀበለም። ሆስፒታል ሳይደርስ አለፈ። ልቡ ነው አሉን። ሳይታወቅ አብሮት የኖረ ችግር ነው አሉን።

ይህን የምጽፈው ግን ከዚያ በኋላ እኔን ስለያዘኝ ሕመም፣ ደግሞም ስለዳንኩበት ነገር ነው። ስለ መዳኔ ስጽፍ እጄ ይቸኩላል፤ ደስ ስለሚለኝ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነው የቆምኩት፣ ጽሑፍ ብዙም አልሞከርኩም። እንደ እኔ አየር ያጠረው፣ አሁን ልሞት ነው እያለ የሚያነጋ ሰው ካለ ግን ያንብበው።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ትከሻዬን እየያዘ "አንተ ወንድ ነህ፣ እናትህን አጽናናት" ይለኝ ነበር። አጽናናኋት። አላለቀስኩም። ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ አንድ ቀን ወሎ ሰፈር ታክሲ ውስጥ ገብቼ መስኮት ጥግ ተቀመጥኩ። ምንም አላሰብኩም። ድንገት ልቤ መምታት ጀመረ፤ መምታት እንኳን አይደለም፣ መደብደብ። አየር አጣሁ። ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ከንፈሬ ደነዘዘ። የሱሬ ልብ እኔም ጋ አለ ማለት ነው አልኩ። "ወራጅ አለ" ማለት አቅቶኝ ጎኔ ያለችው ሴትዮ ናት "ወራጅ አለ! ልጁ ታሟል!" ያለችልኝ። አብራኝ ወርዳ የያዘችውን ውኃ አጠጣችኝ፤ ታክሲው ትቷት ሄደ። ስሟን እንኳን አልጠየቅኳትም።

ከዚያ በየክሊኒኩ መዞር ተጀመረ። የመጀመሪያው ደም ወስዶ "ታይፎይድና ታይፈስ" አለ። መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ ለውጥ የለም። ሁለተኛው "ጨጓራ ነው፣ ባክቴሪያ አለብህ" አለ። ያንንም ጨረስኩ። ሦስተኛው "ነርቭ ነው" ብሎ መርፌ አዘዘ። አክስቴ ደግሞ "ብርድ ነው፣ ደረቱን ሸፍኑት" አለች፤ በዚያ ሙቀት ሹራብ ደርቤ ከረምኩ። እማዬ በየወረፋው አብራኝ ትቀመጣለች፣ ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳ። የሽንቴን ብልቃጥ ሰው እንዳያይብኝ በነጠላዋ ሸፍና የምትይዝልኝ እሷ ናት። ወጪው ከበደን። የአንገት ሀብሏን እንደሸጠች አልነገረችኝም፤ አንገቷን አይቼ ነው ያወቅኩት።

ሌሊት ይብስ ነበር። እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል "ከተኛሁ ልቤ መምታት ይረሳል" የሚል ሐሳብ ይመጣና ብድግ ያደርገኛል። ደረጃ መውጣት ተውኩ። ኳስ ተውኩ። ልቤ እንዳይፈጥን ብዬ በሃያ ዓመቴ እንደ ሽማግሌ ቀስ እያልኩ መሄድ ጀመርኩ።

በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ያገኘኋት ወጣት ዶክተር ናት አንድ ጥያቄ የጠየቀችኝ። "ከቤተሰብ በድንገት የሞተ ሰው አለ?"

እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። ነገርኳት። "እንግዲያው በግምት አንሄድም" ብላ ለልብ አልትራሳውንድ ላከችኝ። ልብን በስክሪን የሚያሳይ ምርመራ ነው፤ አያምም። ልቤን አየሁት። ትንሽ በር ይመስል ይከፈታል፣ ይዘጋል። ጤነኛ ነው አሉ። ውጤቱን ስንሰማ እማዬ እልል ልትል አፏን ከፈተችና ሐዘን ላይ መሆኗ ትዝ ሲላት በነጠላዋ ያዘችው።

"ታዲያ ምንድን ነው የያዘኝ?" አልኳት ዶክተሯን።

"ፓኒክ ይባላል። ሌባ ሳይገባ በራሱ ጥላ ላይ የሚጮህ ውሻ አይተህ ታውቃለህ? ሰውነትህ እንደዚያ ሆኗል። ውሻው በእውነት ነው የሚጮኸው። ሌባው ግን የለም።"

"ጩኸቱ እንዴት ይቆማል?"

"አንተ አሁን ልብህ ሲፈጥን የምታውቀው ስትፈራ ብቻ ነው። በሌላ ነገር ይፍጠን። ሩጥ፣ ዝለል፣ የፈለግኸውን አድርግ። ብቻ ደስ የሚልህ ይሁን፤ አለዚያ በሳምንቱ ትተወዋለህ።" እየመጣሁ እንዳነጋግራትም ቀጠሮ ሰጠችኝ።

ለመዝለል ግን ድፍረት ከየት ይመጣል? ብዙ ቀን እንዲሁ ተቀመጥኩ። ያስጀመረኝ ዝናብ ነው። ላንቻ ታክሲ ስጠብቅ ዶፍ ወረደና አንድ ፎቅ ሥር ተጠለልኩ። ከላይ ወለሉ ይደበደባል። "ሃና! ዱል! ሴት!" ይባላል፤ በኮሪያኛ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማለት እንደሆነ ኋላ ነው ያወቅኩት፤ ከዚያ ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ይጮኻል። ፍንጣቂው ወደ ደረጃው ሲገፋኝ አንድ ደረጃ ወጣሁ፣ ሌላ ወጣሁ፣ ሳላስበው በሩ ላይ ደረስኩ። ነጭ በነጭ የለበሱ ልጆች ተሰልፈው አየር ላይ ይራገጣሉ። አሠልጣኙ ማስተር ጀማል ይባላሉ፤ አጠር ያሉ፣ ጢማቸው የሸበተ ሰውዬ ናቸው። ዞረው አዩኝ።

"ከገባህ ጫማህን አውልቅ። ካልገባህ በሩን ዝጋ፣ ብርድ ነው።"

አወለቅኩ።

ገና ማሟሟቂያው ሳያልቅ ያ ነገር መጣ። ልቤ፣ ጣቶቼ፣ አየሩ። ተንበረከክኩ። "ማስተር፣ ልሞት ነው መሰለኝ" አልኳቸው።

"እሺ። ከመሞትህ በፊት አንድ ጊዜ ጩህልኝ።"

"ምን?"

"ስትመታ መጮህ ሥርዓት ነው። ከሆድህ። አየሩን ወደ ውስጥ እየጠጣኸው ነው እኮ፤ አውጣው! ልጆች፣ አሳዩት!"

ሃያ ልጅ በአንድ ድምፅ ጮኸ። እኔም ጮህኩ። የመጀመሪያው እንደ ድመት ሆነ፤ ሳቁብኝ። ሁለተኛው ግን ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ መስኮቱ የነዘረ መሰለኝ። ለቅሶው ላይ ያልጮህኩት ሁሉ ወጣ። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ አፌ ደግሞ ይስቃል። ልቤ አሁንም ይደበድባል፤ ግን የሁሉም ሰው ልብ እየደበደበ ነው! ሁሉም ያለከልካል! ያን ቀን እኔ ብቻዬን አልነበርኩም፤ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ።

እዚህ ጋ ነው እጄ ይቸኩላል ያልኩት። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ መቼ ይደርሳል እያልኩ መኖር ጀመርኩ። እግር ከዳሌ እንደሚነሣ፣ ቡጢ ከተረከዝ እንደሚጀምር ማን ያውቃል? የሚገርመው፣ በትክክል የተመታ ምት አይከብድም። እግሬ ወጥቶ ጧ ብሎ ሲመለስ ሰውነቴ በሙሉ "አዎ!" ይላል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ በሐሳቤ እራገጣለሁ። አንድ ቀን በሐሳቤ መስሎኝ በእውነት ተራገጥኩና ከፊቴ ያለው ሰውዬ "ምን አደረግኩህ ወንድሜ?" አለኝ። ፓኒኩ አልጠፋም፣ አልዋሽም። ይመጣል። ግን አሁን ሲመጣ የምሠራው ሥራ አለኝ።

ለእማዬ አልነገርኳትም። አንድ ቀን ልታጥብ ቦርሳዬን ከፍታ ማስተር ያዋሱኝን ነጭ ዶቦክ አገኘች። ዶቦክ የቴኳንዶ ልብስ ነው። ከነነጩ የጀማሪ ቀበቶ ዘርግታ አልጋ ላይ አስቀምጣ ጠበቀችኝ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ስፖርት ነው እማዬ። ዶክተሯ ያለችውን..."

"ዶክተሯ በነጭ ልብስ ዝለል አለችህ? ሙት ዓመቱ ሳይወጣ?"

"እማዬ፣ ስዘል መተንፈስ እችላለሁ።"

"ልብህስ? አንዱን ልጄን ልብ ወሰደብኝ። ሁለተኛውን ራስህ ትሰጥብኛለህ?" ድምፅዋን ቀነሰች፤ የግቢው ባለቤት እትዬ ብርቄ የፊት ለፊቱ ቤት ናት፣ ሁሉን ትሰማለች። "ሰዉስ ምን ይለኛል? ወንድሙ አፈር ሳይደርቅለት ልጇ ነጭ ለብሶ ይራገጣል ይሉኛል። በቃ፣ ቢኒ። በቃ።"

ተውኩት። እናት ናት፣ ምን ይባላል። በሳምንቱ ያ ነገር በየቀኑ መምጣት ጀመረ። ዘይት ልገዛ ወጥቼ ሱቁ በር ላይ ተቀምጬ ቀረሁ፤ እማዬ መጥታ በክንዴ ይዛ ወሰደችኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ስነቃ ዶቦኩ የለም። ጓሮ ወጣሁ። እማዬ እጇ እስከ ክርኗ ጠቁሮ ባልዲ ላይ አጎንብሳለች። የራሷን የሐዘን ልብስ የነከረችበትን ጥቁር ቀለም ገዝታ፣ ዶቦኩን ነክራው ታሻዋለች።

"ጥቁር ከሆነ ማንም ምንም አይልህም" አለች ቀና ሳትል።

ባልዲው ውስጥ አየሁ። "እማዬ፣ ቀበቶውንም?"

"ታዲያ ምኑን ልተወው? ሐዘን ግማሽ የለውም።"

ቴኳንዶ ላይ ጥቁር ቀበቶ የስንት ዓመት ድካም እንደሆነ፣ እሷ በአንድ ጠዋት ባልዲ ውስጥ እንደሰጠችኝ እንዴት ልንገራት? ጉንጯን ሳምኳት፤ ሲደርቅ ይዤው ወደ ላንቻ ሄድኩ።

በሩን ስገባ ሕፃናቱ አዲስ አሠልጣኝ የመጣ መስሏቸው ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጡኝ። ሀያት ግን አወቀችኝ። ሀያት ላንቻ ሱቅ ያላቸው ሰዎች ልጅ ናት፣ ቀይ ቀበቶ፤ ከእኔ ታንሳለች፣ ምላሷ ግን ከእግሯ ይፈጥናል።

"እንዴ! እኔ አራት ዓመት ተደብድቤ እዚህ ነኝ፣ አንተ በሁለት ወርህ ጥቁር?"

"እናቴ ናት የሰጠችኝ።"

"እናትህ ማናት፣ ፌዴሬሽን?"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ማስተር ጀማል አልሳቁም። ወደ ጥግ ወሰዱኝና "ተናገር" አሉኝ። ስለ ሱሬ የዚያን ቀን ነገርኳቸው። "አላህ ይማረው" አሉ። ከዚያ ቀበቶውን ፈትተው በደንብ አጥፈው እጄ ላይ አስቀመጡት።

"ልብሱን እናትህ ጥቁር እስክታወልቅ ትለብሰዋለህ፤ ማንም አይናገርህም። ይሄን ግን እዚህ አታስረውም። የእናትህ ነው፣ ቤት አስቀምጠው።"

የተረፈ ነጭ ቀበቶ የአንድ ሕፃን ብቻ ነበር። ሁለት ጊዜ መዞር ሲገባው አንዴ ዞሮ አለቀ። እንዲያ ሆኜ ተሰለፍኩ፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር፣ ወገቤ ላይ ቁራጭ ነጭ።

ችግሩ ላብ ነው። ቀለሙ ይለቅ ጀመር። አንገቴ ጠቆረ፣ እግሬ ጠቆረ። የነካሁት ሁሉ ምልክት ይወጣበታል። ሀያት "ቀለም ቀቢው መጣ፣ ልብሳችሁን ያዙ!" ትላለች። ግን ጥቅምም አለው፤ ምቴ የት እንዳረፈ ማንም አይከራከርም፣ ታትሟል! ማስተር የሀያትን ልብስ እያሳዩ "ይሄ ትከሻ ነው፣ ይሄ ሆድ ነው፣ አንቺ የት ነበርሽ?" ይሏታል። እንደዚያ ወራት ስቄ አላውቅም። ደግሞም ማልቀስ ስፈልግ አለቅሳለሁ፤ ላብ ነው እላለሁ።

የመጀመሪያው የቀበቶ ፈተና እሑድ ከሰዓት ሆነ። እማዬ "አልመጣም" አለች። ከዚያ ልወጣ ስል ነጠላዋን እያጣፋች "ልብህን ራሴ ካላየሁ አላምንም። ደስ ካላለኝ ዛሬውኑ ታቆማለህ፤ ማልልኝ" አለች። ማልኩላት። ደረጃውን እኔ በሩጫ፣ እሷ እያረፈች ወጣን። ጥግ ላይ አግዳሚ ወንበር ሰጧት።

ምቶቹን ጨረስኩ፤ ጥሩ ነበር። የመጨረሻው ከሀያት ጋር መፋለም ነው። ሁለት ነካችኝ፣ አንድ ነካኋት። እንደገና ልገባ ስል ያ ነገር መጣ። ከሁሉም ቀን በዚያ ቀን! ልቤ ተነሣ፣ ጣቶቼ ሄዱ፣ አዳራሹ ራቀ። ሳላስበው እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ። ያ ነው የጎዳኝ፤ እማዬ አየችው።

"ልጄን!" ብላ ተነሥታ ከነጫማዋ ምንጣፉ ላይ ገባች።

"እትዬ፣ ጫማዎን!" አሉ ማስተር። ሃያ ልጅ ትንፋሹን ያዘ።

እማዬ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እንዳለች ደንገጥ ብላ ቆመች። ጫማዋን አወለቀች፣ ጎን ለጎን አስቀመጠች፣ መጣች። እጇን ደረቴ ላይ ጫነች። ዓይኗን ጨፍና ቆየች።

"ይመታል" አለች።

"ይመታል እማዬ።"

"ኧረ በጣም ነው የሚመታው!"

"እየዘለልኩ እኮ ነው። እንዲህ ነው መምታት ያለበት። አትንሺ እጅሽን፣ ስሚው።" ትንፋሼን ቀስ ብዬ አወጣሁ፣ ደግሜ አወጣሁ። ከእጇ ሥር ልቤ እየረገበ ሲሄድ እሷ ከእኔ ቀድማ ተሰማት። ፊቷ ላይ አየሁት።

ማስተር ቀረብ አሉ። "እትዬ፣ ይብቃው ወይስ ይቀጥል? እርስዎ ያሉት ይሆናል።"

እጇን ከደረቴ አላነሣችም። እኔ መለመን አልችልም፤ ምያለሁ። እማዬ ወደ ሀያት ዞረች።

"አንቺ ደግሞ ቀስ እያልሽ።"

"እኔ?" ሀያት ሁለት እጇን ዘረጋች። ነጭ ዶቦኳ ደረቱ ላይ የእግር አሻራ፣ ሆዱ ላይ የእግር አሻራ፣ ክንዱ ጭረት በጭረት። "እትዬ፣ ልጅዎን ነው እንጂ የሚመክሩት! ምን እንዳስመሰለኝ ይዩ!"

እማዬ አየች። አሻራውን አየች፣ የእኔን ጥቁር እግር አየች፣ ጥፍሯ ሥር አሁንም ያልለቀቀውን ቀለም አየች። ከዚያ ሳቀች። ልትይዘው ሞከረች፣ አልተያዘላትም። ጉልበቷን ይዛ ሳቀች። ሱሬ ከማን እንደወረሰው ያን ቀን ገባኝ።

"ቀጥል" አለችኝ፤ ተመልሳ ተቀመጠች።

ጮኼ ገባሁ። አለፍኩ። ቢጫ ቀበቶ ነኝ!

እንደ እኔ ላለ ሰው የምለው ይህን ነው። መጀመሪያ ልባችሁን ተመርመሩ፤ በግምት አትዋጡ፣ በቤታችሁ የሆነውንም ለሐኪም ሳትደብቁ ተናገሩ። ጤነኛ ነው ከተባላችሁ ግን በደስታ አስሩጡት። ቴኳንዶ ባይሆን ሌላ ይሁን። ሱሬን አልረሳሁትም። እየዘለልኩ ነው የማስታውሰው።

ልንወጣ ስንል እማዬ ሀያትን ጠርታ "ልብሱን ስጪኝ፣ በእኛ ቀለም ነው የተበላሸው" ብላ በፌስታል ተቀብላት ነበር። ሰኞ ጠዋት ባልዲና በረኪና አውጥታ ግቢው መሀል አስቀመጠችልኝ፣ ጓሮ አይደለም፣ መሀል። "የመታሃት አንተ ነህ፣ አንተ እጠብ።" ጭኔ ዝሎ ቁጢጥ ማለት አቅቶኝ በርጩማ ላይ ተቀምጬ መፈተግ ጀመርኩ። እትዬ ብርቄ ከቤቷ ወጣች። ነጩን ልብስ አየች፣ እማዬን ከነጥቁሯ አየች።

"የማን ነው ደግሞ ይሄ?"

"ልጄ ትናንት የመታት ልጅ ልብስ ነው" አለች እማዬ፤ ድምፅዋን አልቀነሰችም።

"የመታት? በምን?"

"በእግሩ። ቴኳንዶ ይሠራል።"

"በሐዘን?"

"አዎ፣ በሐዘን" አለች እማዬ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ደረቱ ላይ አልለቀቀም። በደንብ ፈትገው፤ ነገ ልትለብሰው ነው።"

ፈተግኩት።